አሥራ ሁለት እርምጃ ወደ ፀሐይ መውጫ

ጥቅምት 6

ለምወድሽ ለወንድሜ ልጅ፣

እንደ ምን ከርመሻል? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ያ ብርዱ እንዴት ይዞሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ጉልበቴ ብቻ ዳገት ሲያይ ያኮርፋል፤ እሱም የዕድሜ ነው፣ አልከሰውም።

ስልክ እያለ ለምን ደብዳቤ ትጽፋለህ ብለው እዚህ ይስቁብኛል። ስልክ ጆሮው ብዙ ነው ልጄ። ወረቀት ግን እኔ አጥፌው አንቺ እስክትዘረጊው ድረስ አፉን ይዘጋል።

አሁን ወደ ወሬው ልግባ። በምጠብቀው ደን ውስጥ ከምንጩ በላይ ያለችው ጉብታ ትዝ ትልሻለች? ልጅ ሳለሽ ወድቀሽ ግንባርሽን የተፈነከትሽባት። እዚያ የጥንት ሰዎች መንደር ነበረ ተብሎ ከዩኒቨርሲቲ ቆፋሪዎች መጥተዋል። የደን ጽሕፈት ቤቱ በር ላይም ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ለአሥር ተማሪዎች የአንድ በጋ ሥልጠና፣ ቁፋሮ፣ ምዝገባ፣ የደንና የቅርስ እንክብካቤ ይላል። ሲያልቅ ከአሥሩ ሦስቱ በቋሚነት ይቀጠራሉ። ትንሿ ልጄ፣ ያቺ ተመርቃ ሁለት ዓመት ቤት የተቀመጠችው፣ ለእኔ ሳትነግር አመልክታ አለፈች። ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም። ኃላፊያቸውን ሳስብ ግን አልጋዬ ላይ ስገላበጥ አድራለሁ።

ኃላፊያቸው ዶክተር ነው፤ በሽተኛ የማያክም ዶክተር። ሰውየው ይስቃል። ጠዋት ይስቃል፣ ማታ ይስቃል፣ እኔን ሲያይ ደግሞ ባርኔጣውን አውልቆ ይስቃል። ለደን ዘብ ባርኔጣ የሚያወልቅ ሰው ምን ፈልጎ ነው? ሠላሳ አንድ ዓመት በር ላይ ስቆም እንደዚህ ያከበረኝ አንድ ሌላ ሰው ነበር፤ እሱንም በመኪናው ወለል ሥር ጣውላ ደብቆ ሲያወጣ ያዝኩት።

ተማሪዎቹ ጎንበስ ብለው መሬቱን እያሰሱ፣ የገል ስባሪ ባዩበት ሁሉ ሽቦ ላይ የታሰረ ቀይ ባንዲራ ይተክላሉ። ቁጥርም ይጽፉበታል። ጉብታዋ ኩፍኝ የያዛት ልጅ መስላለች። ለሌባ መንገድ ከማሳየት በምን ይለያል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ።

ካላስቸገርኩሽ ቁጥሩ 42 የሆነ የጎማ ቦት ላኪልኝ፤ የዱሮው ውሃ ማስገባት ጀምሯል። እግረ መንገድሽን ደግሞ፣ የተሰበረ ማሰሮ እዚያ አገር ስንት ያወጣል? እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው።

አጎትሽ፣
ጉቶው (ዛሬም እንደዚያ ነው የሚሉኝ፣ ከበሩ ስለማልነቃነቅ)


ኅዳር 1

ለውድ ጋሼ፣

ሰላምና ጤና ከደጅዎ አይጥፋ። እኔ ደህና ነኝ፣ ብርዱንም ለምጄዋለሁ፤ ወይም እሱ እኔን ለምዶኛል። የትንሿን ነገር ሳነብ ከደስታዬ ብዛት ሥራ ቦታ አጠገቤ የነበረውን ባልደረባዬን አቀፍኩት። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ጥግ ጥጉን ነው የሚሄደው።

ቦቱን ወደዚያ ለምትመጣ አንዲት ነርስ ሰጥቻታለሁ፤ እቤት ድረስ ታመጣልዎታለች።

የተሰበረ ማሰሮ ዋጋ ጠይቀውኛል። የእኔ ሥራ እኮ ጋሼ፣ ሙዚየም ምድር ቤት ተቀምጦ ገል ማጠብና ቁጥር መጻፍ ነው። ከቦታው የተነሣ ገል አፈር ማለት ነው። ከየትኛው ጉድጓድ፣ ከስንት ጥልቀት፣ ከምን አጠገብ እንደተገኘ ካልተጻፈ ማንም ምንም አያነብበትም። እዚህ አንድ ሙሉ መደርደሪያ «ቦታው ያልታወቀ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት አለን። አለቃዬ «ወላጅ አልባዎቹ» ትላቸዋለች። አቧራቸውን እጠርጋለሁ እንጂ ሌላ የማደርግላቸው ነገር የለም።

ለሌባ ግን ይህ ሁሉ ግድ አይሰጠውም፤ ሙሉ ማሰሮ ካገኘ ገዢ አያጣም። ስለዚህ ስለ ዶክተሩ የጠረጠሩት መቼም ያለ ነገር አይሆንም። የተገኘው ዕቃ የት እንደሚያድር፣ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ይጠይቁ። ከጉብታዋ ላይ ዓይንዎን አይንቀሉ፣ አደራ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ሊሞት ሰሞን «ያቺን ጉብታ ያራቆትናት እኛ ነን» ብሎኝ ነበር። ቅዠት መስሎኝ አለፍኩት። ከዚህ በፊት እዚያ የቆፈረ ሰው ነበር እንዴ?

ትንሿን ይሳሙልኝ።

የወንድምዎ ልጅ


ታኅሣሥ 2

ለልጄ፣ ለወንድሜ ዓይን፣

ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ እግሬን እንዳሞቅሽው አንቺንም ያሙቅሽ። ቦቱ ልክክ ብሏል። ቀኙ ብቻ ስራመድ ሲጥ ሲጥ ይላል። ዘብ ሆኜ ሌባውን «መጣሁልህ» እያልኩት ነው የምሄደው። ቢሆንም ደረቅ ነው።

የቁፋሮውን ነገር ልንገርሽ። ሦስት ጉድጓድ ቆፈሩ፣ ሦስቱም ባዶ። ከአንድ ክንድ በታች አለት ብቻ። ዶክተሩ ሳቁን ቀነሰ። ባርኔጣውን ያወልቅና ራሱን ያካል። እኔም በሬ ላይ ቁጭ ብዬ ሻይ ስጠጣ ሻዩ ጣፈጠኝ። እነዚያ ተማሪዎች ፊታቸው ጠቁሮ ሲወርዱ ግን ትንሿም መሃላቸው አለች፤ እሷን ሳይ ሻዩ ይመረኛል።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከአራተኛው ጉድጓድ አንድ የማሰሮ አንገት ወጣ። መውጣት አልነበረበትም። እንዴት እንደወጣ እስካሁን አልገባኝም።

ቁልፉን እንዳልሽኝ ጠየቅሁ። ዶክተሩ ነው የሚይዘው። «ቢፈልጉ አንዱን ለእርስዎ ልስጥዎ» አለኝ እየሳቀ። ቁልፍ እንዲህ በቀላሉ የሚሰጥ ሰው ሌላ ቁልፍ አለው ማለት ነው። ስለዚህ ከዚያ አገር አንድ ጠንካራ ጓጉንቸር ላኪልኝ።

ትንሿም አላማረችኝም። ገና ሳይነጋ ትወጣለች። ወዴት ነው ስላት «ማስታወሻ ልገለብጥ» ትለኛለች። ማስታወሻ በጨለማ? የዶክተሩ ሾፌር ጎረምሳ ነው፣ ፀጉሩንም ያበጥራል። እኔም ወጣት ነበርኩ፣ ማንም አያታልለኝም።

ሌላው፣ እዚያ ያሉ ሙዚየሞች ያላቸውን ዕቃ በመዝገብ ይጽፋሉ አሉ። ከእኛ ደን የወጣ ነገር ካለ ብታዪልኝ። ለማንም አትንገሪ። ስለ አባትሽ የጠየቅሽኝን በሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ፤ ወረቀቱ አለቀብኝ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 27

ለጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። ዘግይቼ የምጽፈው ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ወረቀቱ አለቀብኝ ብለዋል። የወረቀቱ ግማሽ ባዶ ነው ጋሼ።

ተቀምጬ ደብዳቤዎችዎን ደረደርኳቸው። መጀመሪያ የማሰሮ ዋጋ ጠየቁኝ። ቀጥሎ ጓጉንቸር። ከዚያ መዝገብ፣ ያውም ለማንም አትንገሪ ተብዬ። ጉድጓዱ ባዶ ሲሆን ሻይ ጣፈጠኝ ይላሉ፤ ዕቃ ሲወጣ «መውጣት አልነበረበትም» ይላሉ። የት እንዳለና የት እንደሌለ የሚያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚጽፈው። እኔ የማውቃቸው ጋሼ ከደኑ አንዲት ጭራሮ ለማገዶ ወሰድሽ ብለው የገዛ እናታቸውን ሸክም በር ላይ ያስወረዱ ሰው ናቸው። እሳቸው ናቸው ወይ አሁን የሚጽፉልኝ?

ላስቀይምዎ ብዬ አይደለም። ግን ውስጤ ይዤው ከምታመም ልናገረው። ከዚያ ጉብታ የወሰዱት ነገር አለ? በዘብ ቤቱ ጓዳ ያስቀመጡት ነገር አለ? ትንሿ ከሦስቱ አንዷ ለመሆን ስትለፋ፣ የእርስዎ እጅ ከተገኘበት አብራ ትወድቃለች። ያን ያስቡ።

ጓጉንቸሩን አልላክሁም። ምን እንደሚቆልፉበት እስካውቅ ድረስ ይቆይ።

የወንድምዎ ልጅ


የካቲት 11

ደብዳቤሽ ከገባ ቆይቷል። አልወሰድኩም።

ትንሿ ከሥልጠናው ተባርራለች። ባንዲራ እያዘዋወርሽ ቁፋሮውን አበላሸሽ ተብላ ነው።

ቦቱ ደህና ነው።

አጎትሽ


የካቲት 24

ለውድ ጋሼ፣

ሰላምታዬን አጭር ያደረግሁት ልቤ ስለቸኮለ ነው፤ ጤናዎን ሳላስብ ቀርቼ አይደለም።

ትንሿ? ትንሿ ባንዲራ አዘዋወረች? በልጅነቷ ከእርሳስ መያዣዬ አንዱ እርሳስ ቦታውን ከለቀቀ መልሳ የምታስተካክለው ልጅ? ማንም ቢምል አላምንም።

የጠየቁኝን መዝገብ ፈልጌ አገኘሁት። ተናድጄም ቢሆን ፈለግሁት። እኛ ሙዚየም ውስጥ አይደለም፤ አራት ሰዓት በባቡር ሄጄ፣ አንድ የዱሮ ኮሌጅ ምድር ቤት ውስጥ ነው ያገኘሁት። ሰባት ሳጥን። ሳጥኖቹ ላይ ምን እንደተለጠፈ ልንገርዎ? «ቦታው ያልታወቀ»። ጎኑ ላይ አንድ የርክክብ ወረቀት ባይጣበቅ ኖሮ ከእኛ ደን መሆኑን ራሱ ማንም አያውቅም ነበር። ወረቀቱ «ለጥናት በውሰት የተወሰደ፣ በሁለት ዓመት የሚመለስ» ይላል። ቀኑ ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት ነው። ከታች ሁለት ፊርማ አለ። አንዱ የአባቴ ነው። ሁለተኛው መጨረሻው ላይ እንደ መንጠቆ ይታጠፋል። በየደብዳቤዎ ግርጌ ሳየው ኖሬያለሁ።

እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሠራተኛዋ ውሃ አመጣችልኝ፤ ምን ሆንሽ ስትለኝ «ዘመዶቼን አገኘሁ» አልኳት።

ሌባ ብዬ ስለጠረጠርኩዎ ይቅር ይበሉኝ። አሁን ግን ሌላ ነገር ጠርጥሬያለሁ፣ ይህኛው ደግሞ ይብሳል። ዓይንዎን አይንቀሉ፣ አደራ ያልኩትም እኔ ነኝና የእኔም እጅ አለበት። ባንዲራዎቹን ያዘዋወረው ማን ነው? ለእኔ አይመልሱልኝ። ለትንሿ ይመልሱላት።

የወረቀቱን ቅጂ እዚህ ውስጥ አድርጌያለሁ።

የወንድምዎ ልጅ


መጋቢት 19

ለልጄ፣

ከራስሽ ፀጉር እስከ እግርሽ ጥፍር ሰላም ይሁንሽ። ይኸን ደብዳቤ ሳትቆሚ፣ ተቀምጠሽ አንብቢው። ዛሬ ወረቀት አያልቅብኝም።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሦስት እንግዶች መጡ። ሲያዩን ባርኔጣ ያወልቃሉ፣ ይስቃሉ። አባትሽና እኔ ቀን ሠራተኛ ሆነን ጉብታዋን አብረናቸው ቆፈርን። እንዲህ ደስ ብሎኝ ሠርቼ አላውቅም። አንዲት ቀይ ማሰሮ ሙሉዋን ስናወጣ አባትሽ እንደ ሕፃን አቅፎ ይዟት ወረደ። ሰባት ሳጥን ሞላ፣ ተሸክመን እስከ መኪናው አደረስን። ወረቀት አመጡ። በማናውቀው ቋንቋ ነው የተጻፈው። «ይመለሳል ነው የሚለው» አሉን። ፈረምን። የሰፈሩ ሽማግሌዎች በኋላ «የት አደረሳችሁት?» ሲሉን «ይመለሳል» አልን። አባትሽ ሦስተኛው ዓመት ላይ መጠበቅ ተወ። እኔ ዘብ ሆኜ ተቀጠርኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በር ላይ የጮኽኩት ለሄደው ነው።

እና ይኼ ዶክተር ባርኔጣውን ሲያወልቅልኝ እነዚያ እንግዶች ትዝ አሉኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ማታ ማታ ተማሪዎቹ ሲወርዱ እወጣና አምስት ስድስት ባንዲራ ነቅዬ አሥራ ሁለት እርምጃ ወደ ፀሐይ መውጫ እተክላቸው ነበር። በዚያ በኩል ከሥር አለት መሆኑን እጄ ያውቀዋል፤ ቆፍሬዋለሁ። ብነቅላቸው ነቅተው ሌላ ይተክላሉ፤ ባዘዋውራቸው ግን አለት ቆፍረው ተስፋ ቆርጠው ይሄዳሉ ብዬ ነው። ለምን አሥራ ሁለት ካልሽ፣ የእሳት መከላከያው መንገድ ስፋቱ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው፣ ከዚያ ሌላ መለኪያ አላውቅም። ትንሿን አዝዬ ያን መንገድ ስለካ ነው ቁጥር የተማረችው። አሥራ ሦስት የሚባል ነገር እንዳለ ያወቀችው ትምህርት ቤት ገብታ ነው።

ገልን ከቦታው ካነሡት አፈር ነው ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። አነበብኩት። ባንዲራ እንጂ ገል አላነሣሁም ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

ትንሿ አንድ ማታ የረሳችውን ሹራብ ልትወስድ ወደ ጉብታዋ ስትመለስ ሲጥ ሲጥ የሚል ሰማች። ዛፍ ሥር ቆማ አየችኝ። ይኼን በኋላ ለዶክተሩ ስትነግረው ነው የሰማሁት። ከዚያ ወዲያ ነው ሳይነጋ መውጣት የጀመረችው። እኔ ምስኪኑን ሾፌር ስገላምጠው ከረምኩ፣ እሷ ለካ እኔ የተከልኩትን እየነቀለች አሥራ ሁለት ቆጥራ ወደ ቦታው ትመልስ ነበር። የማሰሮው አንገት የወጣው በዚህ ነው። ሥራቸው ደግሞ ደንብ አለው፤ የተነቃነቀ ነገር ሁሉ ይጻፋል። ምን፣ ከየት፣ ወዴት፣ ማን አንቀሳቀሰው። ለራሷ በገዛችው ደብተር ጻፈችው። ሦስቱን ዓምድ በየቀኑ ሞላች። አራተኛውን፣ ማን የሚለውን፣ ባዶ ተወችው።

አንድ ንጋት ዶክተሩ ባንዲራ በእጇ እንደያዘች ደረሰባት። ቦርሳዋን ሲያዩ ደብተሩ አለ፣ በራሷ እጅ ጽሑፍ። «ማን ነው ያንቀሳቀሰው?» አላት። ዝም አለች። ዝምታዋን ጥፋት ብለው ቆጠሩት። ቤት መጥታ «ተባረርኩ» አለችኝ፣ ቦቴን አየችው፣ ገብታ ተኛች። ያን ጊዜ ገባኝ። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ። ገባኝ ብዬ ግን ሄጄ ተናገርኩ እንዳይመስልሽ። አንድ ወር ተኩል አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ለአንቺ እንኳ ያችን የፈሪ ደብዳቤ ነው የጻፍኩት። ፈራሁ ልጄ። ሥራዬን አይደለም፤ ሰው «ያኔም እሱ፣ አሁንም እሱ» እንዳይለኝ ነው።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቀን ቦቱን አድርጌ ዶክተሩ ዘንድ ሄድኩ። ተማሪዎቹም ነበሩ፣ ይውጡልኝ አላልኩም። ሁሉንም ተናገርኩ። የላክሽውን ቅጂም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሰውየው አልሳቀም። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበና «ሰባቱ ሳጥን ከየት ከየት እንደወጡ ያስታውሳሉ?» አለኝ። «እጄ ያስታውሳል» አልኩት። ሦስት ቀን ሙሉ ጉብታዋን አዞርኳቸው። ይኼ ከዚህ፣ ያ ከዚያ፣ ቀይዋ ማሰሮ ከጥዱ ሥር። ትንሿ ናት የጻፈችው፤ እኔን ሳታይ፣ መሬቱን እያየች። አንቺ ወለል ላይ ተቀምጠሽ ያለቀስሽላቸው ወላጅ አልባዎች ቢያንስ የት እንደተወለዱ ይታወቅላቸዋል። ኮሌጁ ይመልስ አይመልስ እንጃ፣ ዶክተሩ ግን ጽፎለታል። እኔ አሁንም ቢሆን በዓይኔ እስካይ አላምንም።

በሩን አስረክቤያለሁ። ጽሕፈት ቤቱ በሥነ ሥርዓት ጉዳይ አግዶኛል፤ የሚመልሱኝ አይመስለኝም፣ ፍርዱም ልክ ነው። ለትንሿ ግን ሥራውን ሰጧት። ዶክተሩ በሁሉ ፊት «ይኼ ደብተር ባይኖር የዘንድሮው በጋ በሙሉ አፈር ነበር» አለ። ከሦስቱ መጀመሪያ የተጠራችው እሷ ናት። ደስታውን ከእኔ ጋር አልተካፈለችም። ከተባረረችበት ቀን ጀምሮ አላናገረችኝም ነበር፤ ምግብ ታቀርባለች፣ መብራት ታጠፋለች፣ ቃል የለም።

ትናንት ከሥራ መጥታ ደብተሩን ፊቴ አስቀመጠች፣ እስክሪብቶም ላዩ ላይ። ከፈትኩት። ሠላሳ ስምንት መስመር፣ ሠላሳ ስምንት ባዶ ቦታ። ያኔ የፈረምኩት ምን እንደሚል አላውቅም ነበር። ይኼኛውን እያንዳንዱን መስመር አነበብኩት። ባንዲራ 14፣ አሥራ ሁለት እርምጃ ወደ ምሥራቅ፣ ማን። ስሜን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ቀጣዩንም። ሃያኛው ላይ ስደርስ ቀና ብዬ አየኋት፤ ቆማ ትጠብቃለች፣ በቃህ አላለችኝም።

ስጨርስ ደብተሩን ወስዳ ከላይ እስከ ታች በጣቷ እየተከተለች አየችው። ሃያ አንደኛው ላይ ጣቷ ቆመ።

«አባዬ፣ ይኼ አይነበብም» አለችኝ። «ደግመህ ጻፈው።»

ደግሜ ጻፍኩት።

አጎትሽ